ከሻሽ ሥር የተደበቀው እባጭ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በዚህ ወር ያነሳነው ጉዳይ ሰው በአደባባይ የማያወራው፣ ከእናቶች ሻሽና ከልጆች ኮፍያ ሥር ተሸሽጎ የሚኖር ሕመም ነው። ይኸውም በራስ ቆዳ ላይ የሚወጣ እባጭ ነው። ሐኪም አይደለንም፤ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረን ዛሬ የምናስተምር ነን። እንድንጽፍ ያስገደደን በዚሁ ጉዳይ ያጠፋነው አንድ ጥፋት ስለሆነ፣ እርሱን ሳንደብቅ እንጀምር።

በማጀቴ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዘለግ ብሏል። በገበያ ቀን ማሽላና ማሾ ይሸጣሉ። ከአናታቸው በስተቀኝ በኩል እባጭ ከወጣባቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ሲጀምር የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር፤ ውሎ አድሮ ሎሚ አከለ። ሕመም ስላልነበረው አልጨነቃቸውም። በጣት ሲገፉት ከቆዳው ሥር ሸርተት ይላል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ፀጉራቸውን ከምትሠራላቸው ልጃቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናታቸውም እንዲሁ ያለ እባጭ ስለነበረባቸው «የዘር ነው» ብለው ተዉት። ዘግይቶ የሰማ ጎረቤት ግን ዝም አላለም። አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤ ሌላዋ ክታብ አሳስራ በሹሩባቸው ላይ አሰረችላቸው፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ ብረት አግሎ ሊተኩሳቸው ተነስቶ ልጃቸው እንደ ምንም ከለከለችው።

አንድ ቀን ሲመሽ ጎንበስ ብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ የበሩ ጉበን እባጩን መታቸው። በሁለተኛው ቀን ቀላ፣ ጋለ፣ አበጠ። በዚያ ጎን መተኛት አቃታቸው፤ ሻሽ ማሰር እንኳ ሥቃይ ሆነ። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ ራሳቸውን ሲያብሱ እጃቸው በዚያው ላይ ያልፋልና ሕመሙን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት በመስሕ ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው ይዛቸው ጤና ጣቢያ ሄደች። እብጠቱ እስኪበርድ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ተልከው እባጩ በቀላል ቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፣ ቁስሉም ተሰፋ። «ለጊዜው ውሃ አይንካው፤ ጨርቁ ሳይቆሽሽ ይቆይ» ተብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

በማግሥቱ ወደ ክፍል ልንገባ ስንጣደፍ በመንገድ አገኙንና «ኡስታዝ፣ ራሴን ውሃ እንዳይነካው ብለውኛል፤ ሶላቴ እንዴት ይሁን?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ቆም ብለን ሳናስብ፣ ኪታብም ሳንገልጥ፣ «ውዱእ ያለ መስሕ አይሆንም፤ ትጥበትም ያለ ራስ አይሆንም፤ ቀስ አድርገው ያርጥቡት» ብለን አለፍን። እርሳቸውም የኡስታዝ ቃል ነው ብለው አመኑ። የጁሙዓ ዕለት ከምንጭ በተቀዳ ውሃ ራሳቸውን ታጠቡ፤ እርጥቡን ጨርቅ ሳይለውጡ ሻሽ ጠቅልለውበት በዚያ በይፋት ሙቀት ገበያ ዋሉ። ቁስሉ መግል ቋጠረ፣ ስፌቱ ለቀቀ። በሰባትና በአሥር ቀን ይድን የነበረው ከአንድ ወር በላይ አሠቃያቸው። እርሳቸው «አላህ ያለው ነው» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተናገሩን። የሰማነው ከልጃቸው ነው፤ እርሷም የነገረችን ልትወቅሰን ሳይሆን «ሌላም ሰው እንዲህ እንዳይሆን ለደረሶቹ ንገሩልኝ» ብላ ነው።

እባጩ ምንድን ነው?

የራስ ቆዳ ከሌላው የሰውነት ቆዳ የሚለየው ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅልበት በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ከቆዳው ሥር እንደ ትንሽ ሰገባ ባለ ከረጢት ውስጥ ተተክሎ ይኖራል። ከዚህ ሰገባ የውጭ ሽፋን ላይ የተነሱ ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ ከቆዳው ሥር ክብ ከረጢት ይሠራሉ። ፀጉርና ጥፍር የሚሠሩበት ኬራቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ውጭ ተራግፎ መውደቅ ሲገባው በከረጢቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እንግዲህ በእጅ የሚዳሰሰው ጠንካራ ክብ እባጭ ይኸው ነው። ብዙ ሰው «ሞራ ነው» ይለዋል፤ መልኩ ቢመስልም ሞራ አይደለም።

ይህ ዓይነቱ እባጭ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሚወጣው በራስ ላይ ነው። በሴቶች ይበዛል። ከአንድ በላይ ሆኖ መውጣቱም የተለመደ ነው። የእኒያ እናት «የዘር ነው» ማለትም ስሕተት አልነበረም፤ ከአባት ወይም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት እናትም ልጅም ሲወጣባቸው «ቤቱን ዓይን በላው» ከማለት በፊት ይህን ማወቅ ይበጃል። ዓይን እውነት መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን የታወቀ ምክንያት ያለውን ሁሉ ዓይን ላይ መለጠፍ፣ ክታብ ማሰርም ሩቅያ መስሎ መታየቱ ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ዓመታት ያለ ሕመም የኖረ እባጭ ለምን በድንገት ያማል? አንደኛው ምክንያት ከረጢቱ ሲመታ ወይም ሲጨመቅ ከውስጥ መቀደዱ ነው። በውስጡ የነበረው ኬራቲን ወደ ሥጋው ሲፈስስ ሰውነት እንደ እሾህና እንደ ስንጥር፣ እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረዋል፤ ሊያስወግደውም ይነሳል። መቅላቱ፣ መጋሉና ማበጡ ከዚህ የተነሳ ነው። ተሕዋስያን ሳይገቡበትም ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላልና ያበጠ ሁሉ በአንቲባዮቲክ አይድንም። በአካባቢያችን ሰው ካበጠበት ሱቅ ገብቶ ሁለት ፍሬ አምፒሲሊን ገዝቶ መዋጥ ልማዱ ሆኗል፤ ይህ ገንዘብ ከመፍጀቱም ሌላ ተሕዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት በእውነት መመረዙ ነው፤ በቆሸሸ ጥፍር ሲታከክ፣ በምላጭ ሲነካ ይመረዛል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ባለሙያ ነው።

የማያምና የማያስቸግር እባጭ ካለ የግድ መውጣት የለበትም። ባለሙያ አይቶት «ምንም አይደለም» ካለ መተው ይቻላል። ሲያም፣ ሲያድግ፣ ወይም ለማበጠር ለመሸፈን ሲያስቸግር ግን ሕክምናው ቀላል ነው። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ቆዳው ጥቂት ይቀደዳል፤ ከረጢቱ ሳይበጠስ እንደ ቅቅል እንቁላል ተፈልቅቆ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ታማሚውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ዋናው ነገር ከረጢቱ በሙሉ መውጣቱ ነው። ውስጡን ጨምቆ ማውጣት ለጊዜው ያሳንሰው ይሆናል፤ ከረጢቱ ከቀረ ግን ተመልሶ ይሞላል። ባበጠና በጋለ ጊዜ ከረጢቱ ከሥጋው ጋር ስለሚጣበቅ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ እስኪበርድ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ማስያዝ ሕመሙን ያስታግሣል።

የአንደሉሱ ሐኪም ምን አሉ?

ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ የሚለው ምክር የትናንት ግኝት አይደለም። በአንደሉስ በቁርጡባ አጠገብ በምትገኘው በዘህራ ከተማ የተወለዱት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉ ሙስሊም ሐኪም ናቸው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው ኪታባቸው 30 ክፍል አለው፤ የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ብቻ ሲሆን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የሕክምና መሣሪያዎች ሥዕል ይዟል። በዚሁ ክፍል በራስ ቆዳ ላይ ስለሚወጡት፣ በዐረብኛ ሲልዓ ስለሚባሉት እባጮች ጽፈዋል። ከረጢታቸውንም ከዶሮ ማንቁርት ጋር ያመሳስሉታል። ሐኪሙ አስቀድሞ በቀጭን መሣሪያ ወግቶ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይሁን ጠጣር እንዲለይ፣ ከዚያም ቀድዶ ከረጢቱን አንድም ሳያስቀር እንዲያወጣ ይመክራሉ፤ ከቀረ ይመለሳልና። ኪታቡ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል።

ኢብኑል ቀይምም (ረሒመሁላህ) በ«ዛዱል መዓድ» ስለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና ሲጽፉ፣ በመብጣትና ፈሳሽን በማውጣት ስለሚድኑ እባጮች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተዋል። ይህን ያነሳነው «ቀዶ ሕክምና የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ዋግምትና ማር ነው» የሚሉ ወንድሞች ስላጋጠሙን ነው። ዋግምት (ሒጃማ) ሱና መሆኑን ማን ይክዳል? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኢሕራም ላይ ሳሉ በራሳቸው መካከል ተዋግመዋል። ግን የታመመን እባጭ በዋግምት ምላጭ መሸንቆር የሱናው ትርጉም አይደለም። ያውም ምላጩ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ከሆነ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ይዞ ይዞራል።

የደረሳው ልጅ

ወደ ልጆች ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በልጅ ራስ ላይ የሚያም እባጭ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተናገርንለት ከረጢት አይደለም። ይህን የተማርነው ከገጠር ለቂርአት ከመጣ የአሥር ዓመት ደረሳ ነው። ልጁ ከትምህርት መልስ የዘመዶቹን ከብት ይጠብቃል። በመጀመሪያ በራሱ ላይ ቆረቆር ወጣ፤ ክብ ክብ እየሆነ ቅርፊት ያዘ፣ ፀጉሩም እየተሰበረ ሳሳ። ቆረቆር በመድረሳ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ላይ ለስለስ ያለ፣ ሲነኩት ረገብ የሚል፣ ከብዙ ቀዳዳ መግል የሚያፈስስ እባጭ ተነሳ። የማር እንጀራ የመሰለ ነበር። ፀጉሩ ሲነኩት ያለ ሕመም ይነቀላል። ከጆሮው ጀርባ ንፍፊት ወጣ፤ ትኩሳትም ያዘው። አብረውት የሚቀሩ ልጆች ሽታውን ሸሽተው ብቻውን ጥግ አስቀመጡት።

አንድ ፀጉር አስተካካይ «ብጉንጅ ነው፤ ይፈንዳ» ብሎ በምላጭ በጣው። የወጣው መግል ጥቂት ነበር፤ ደሙ ግን ብዙ። በሦስተኛው ቀን እባጩ ከቀድሞው በለጠ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ባለሙያዋ አንዴ አይታ «ይህ ብጉንጅ አይደለም፤ ፈንገስ ነው፤ መቀደድ አልነበረበትም» አለች።

እንደ ቆረቆር ያለው የራስ በሽታ የሚመጣው በፀጉር ውስጥ ገብቶ በሚራባ ፈንገስ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ሲሆን፣ ከከብት፣ ከድመትና ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፉም አሉ። ሰውነት ፈንገሱን አጥብቆ ሲዋጋ እንዲህ ያለው እባጭ ይነሳል፤ ከእንስሳት በሚመጡት ደግሞ ይበረታል። ቅባት ብቻ መቀባት አይጠቅምም፤ ፈንገሱ ያለው በፀጉሩ ሥር ስለሆነ ቅባቱ አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ሲሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ከወተት ወይም ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ስሕተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት እባጩ ሲጎድል ወላጅ «ዳነ» ብሎ ያቆማል፤ ፈንገሱም ከተደበቀበት ይመለሳል።

ቅባትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ አይሆንም። ነጭ ጋዝ፣ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ የወጣ ጥቁር ዱቄት፣ የጋለ ብረት፣ እነዚህ ሁሉ በልጆች ራስ ላይ ሲደረጉ በዓይናችን አይተናል። ጋዝ ቆዳ ይልጣል፤ ባትሪው መርዝ ነው፤ የጋለው ብረት የሚተወው ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። እናቶቻችን በለጋ ቅቤ ማሸታቸውን እንደ እነዚህ አንቆጥረውም፤ ሆኖም በተላላኪ ቁስል ላይ የተቀባ ቅቤ አቧራና ዝንብ ይሰበስባልና እስኪድን ቢቆይ ይሻላል።

ልጁ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ አልሐምዱሊላህ ዳነ። በምላጭ በተበጣበት ቦታ ግን ሳንቲም የምታህል መላጣ ቀርታለች። እኛም በዚያ ሰሞን የመድረሳውን ልጆች ራስ በሙሉ አየን፤ ሌሎች ስድስት ልጆች ቆረቆር ተገኘባቸው። ኮፍያ እየተለዋወጡ ያደርጉ ነበር። አንድ ማበጠሪያ ለአሥር፣ አንድ ምላጭ ለሃያ ራስ ነበር። መምህራን ሆይ፣ ይህ የእኛ ሥራ ነው፤ የማንም አይደለም። ልጁን ከጓደኞቹ ለይቶ ጥግ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ኮፍያና ፎጣውን ለብቻው አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ሊቀራ ይችላል።

ለወጣቶች ደግሞ፦ ማጅራት ላይ ፀጉርን በማሽን ወይም በምላጭ እጅግ ጠጋ አድርጎ መላጨት አንዳንዱን ሰው ይጎዳል። የተቆረጠው ጠጕር ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባና ትንንሽ እባጮች ያወጣል፤ ቆይተውም ይጠነክራሉ። እነዚህን መጨመቅ ያባብሳል። ፀጉሩን ጥቂት አስረዝሞ መተውና ቶሎ መታየት ይሻላል።

ፈጽሞ የማይነካው

በሕፃን ራስ ላይ፣ በተለይ በአናቱ መካከል መስመር፣ በግንባሩ ወይም በማጅራቱ በኩል ከልደት ጀምሮ ያለ እባጭ ካለ ማንም አይንካው፣ አይጭመቀው፣ አይብጣው። አንዳንዱ እባጭ በራስ ቅሉ ክፍተት ከአንጎል ሽፋን ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በምላጭ መንካት ሕፃኑን መግደል ነው። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ብቻ ነው።

በትልቅ ሰውም ቢሆን በጥቂት ሳምንት በፍጥነት ያደገ፣ የሚደማ፣ ቆስሎ አልድን ያለ፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ እባጭ ሳይዘገይ መታየት አለበት። የታመመ እባጭ ያለበት ሰው ብርቱ ትኩሳት ከያዘው፣ እብጠቱ ወደ ግንባርና ወደ ዓይን ከወረደ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ቃሉ ከተዘባረቀ የዚያኑ ዕለት እንጂ ለነገ አይባልም።

የት እንሂድ ለሚለው፣ መጀመሪያ ያው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የአጣዬና የደብረ ብርሃን፣ በወዲያ በኩል የደሴ ሆስፒታሎች አሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በደረሰው ግጭትና ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተጎድተው ነበር፤ ሕመማቸውን «ሰላም ሲሆን» ብለው ያቆዩ ብዙ ናቸው። ለቆዳ በሽታ ደግሞ በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብም የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ስንል በ1870ው ጉባኤ ሰበብ ስሙ በአያቶቻችን ዘንድ የሚያስተክዝ ቦታ መሆኑን አንባቢ አይዘነጋውም፤ ዛሬ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ወንበር ተራ ጠብቆ ቆዳውን የሚታከምበት ቦታ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። የልጃቸውን ነገር በሰማን ማታ ኪታብ ገለጥን፤ የምናውቀውንም ሐዲስ እንደ አዲስ አነበብነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ በጉዞ ላይ አንድ ሰው በድንጋይ ተመትቶ ራሱ ተፈነከተ። ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ባልደረቦቹን ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም ውሃ እያለ ፈቃድ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ እነርሱ እንደገደሉት ተናግረው ብርቱ ቃል አወጡባቸው፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ሲሉም ወቀሱ፤ ላለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑን አስተማሩ። ስለ ፋሻው መታበስ በሚናገረው የሐዲሱ ክፍል ሰነድ ላይ ዑለማዎች ተነጋግረዋል፤ የታሪኩ መሠረት ግን በሌላ መንገድም መጥቷል። ይህን ሐዲስ ለደረሶች አስተምረነዋል። በመንገድ ላይ ቆመን ለእኒያ እናት መልስ ስንሰጥ ግን ትዝ አላለንም።

ታዲያ መልሱ ምን ነበር? በውዱእ ራስን ማበስ በሻፊዒ መዝሀብ ከራስ ጥቂቱን፣ ጥቂት ፀጉርንም ቢሆን ማበስ ይበቃል። በሐነፊ የራስ ሩብ ያህል ነው። በማሊኪና በሐንበሊ ሁሉንም ማበስ ሲሆን፣ በፋሻ የተሸፈነው ቦታ በፋሻው ላይ ይታበሳል። እኛ ደግሞ የቀራነው የሻፊዒን ኪታብ ነው! የእኒያ እናት ቁስል በስተቀኝ ነበር፤ በግራ በኩል ወይም በግንባራቸው በላይ እርጥብ ጣት ቢያሳርፉ ውዱኣቸው ሙሉ ነበር። ስፌቱ ጠብታ ውሃ ባልነካው ነበር።

የግዴታ ትጥበት በሆነ ጊዜ ደግሞ ጤነኛው አካል ይታጠባል፤ ፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ይታበሳል፤ በሻፊዒ መዝሀብ ከዚህ ጋር ተየሙም ይጨመራል። ፋሻው የታሰረበትን ሁኔታና ሶላቱ ኋላ ይመለስ አይመለስ የሚለውን ዝርዝር እያንዳንዱ ዓሊሙን ቢጠይቅ ይሻላል። እኒያ እናት የታጠቡት የጁሙዓ ትጥበት ግን በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ሱና እንጂ ግዴታ እንኳ አልነበረም።

እኅቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌላ ጥያቄ አለ፤ በወንድ ሐኪም ፊት ፀጉሬን እንዴት እገልጣለሁ ይላሉ። ሴት ሐኪም ከተገኘች እርሷ ትቅደም። ካልተገኘች ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መግለጥ በዶሩራ የተፈቀደ ነው፤ ባል ወይም መሕረም አብሮ ይግባ። ዓመታት ሕመም ተሸክሞ መኖር በዚህ ሰበብ ግዴታ አልሆነም። ለቀዶ ሕክምናው ዙሪያው ቢላጭም ችግር የለውም። ራስን ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተው (ቀዘዕ) የተጠላ መሆኑ ይታወቃል፤ ለሕክምና ሲሆን ግን ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። በሑደይቢያ ቅማል ከራሳቸው እየረገፈ ፊታቸው ላይ ይወርድ የነበረውን ከዕብ ኢብኑ ዑጅራን (ረ.ዐ.) ማስታወስ ይበቃል። በኢሕራም ላይ መላጨት የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ራሱን ለታመመ ሰው በፆም ወይም በምጽዋት ወይም በእርድ ፊድያ ከፍሎ መላጨት እንደሚፈቀድ በሱረቱል በቀራህ 196ኛው አንቀጽ የወረደው በእርሳቸው ምክንያት ነው። ወላሁ አዕለም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ እኒያ እናት ቤት ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጥፋታችንን ነገርናቸው፤ ዐፍው እንዲሉን ጠየቅናቸው። «ኡስታዝ፣ አንቱም ሰው ኖት» አሉ፤ ቀጥለውም ልጃቸውን ጠርተው ጎንበስ በይ አሏት። ከሻሿ ሥር፣ ከጆሮዋ በላይ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እባጭ ነበረች። ልጅቱ አፍራ ሳቀች። በተከታዩ ሰኞ እናትና ልጅ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ባለሙያዋም ዳስሳ «ካላመመሽ ትቆይ፤ ካደገች ወይም ካመመችሽ ነይ» ብላ መለሰቻት።